አፍ የሚፈታበት ክፍል

ሲያትል ውስጥ ሜታዶን በሚሰጥ ክሊኒክ የሱስ ካውንስለር ነኝ። ስራዬን ለሀበሻ ስናገር ሁለት ጥያቄ አይቀርልኝም። አንዱ «አትፈሪም እንዴ?» ነው። ሌላው «ግን ምን ብለሽ ነው የምትመክሪያቸው?» የመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው፤ አልፈራም። ሁለተኛውን ግን ቡና እየጠጣሁ መልሼ አልጨርሰውም። ምክር ሰጥቼ ሰው ሲለወጥ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ታካሚዎች ክብ ሰርተው ተቀምጠው በሚለማመዱበት ክፍል ውስጥ ግን ብዙ አይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ክፍል ነው። ማንም እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬያለሁ፣ የተለያዩ ሰዎችንም ታሪክ አደባልቄያለሁ። እኛ ጋ የታካሚ ሚስጥር ቀልድ የለውም፤ የሱስ ህክምና መዝገብን ለብቻው የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ።

ሜታዶንን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ሄሮይን ወይም ከሱ የሚበረታውን ፌንታኒል የለመደ ሰው ሲያጣው አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያልበዋል፣ ዓይኑ አይከደንም። ሜታዶን ያንን ስቃይ ለአንድ ቀን ያህል ይይዝለታል። ቪንሰንት ዶል እና ማሪ ናይስዋንደር የተባሉ ሐኪሞች ናቸው በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኒውዮርክ ላይ ለዚህ ህክምና ያዋሉት። ታካሚው ጠዋት መጥቶ መስኮቱ ጋ ይሰለፋል፣ ነርሷ እያየችው ፈሳሹን ይጠጣል፣ ወደ ስራው ይሄዳል። እኛ ጋ ሰልፉ ሳይነጋ ነው የሚጀምረው። የግንባታ ሰራተኛ አለ። ሌሊት ሙሉ ሲያጸዳ ያደረ አለ። ልጇን ትምህርት ቤት ለማድረስ የምትቻኮል እናት አለች።

«አንዱን ሱስ በሌላ መተካት አይደለም ወይ?» የሚለኝ ብዙ ነው። አይደለም። ያ ሰው ከእንግዲህ በየጥቂት ሰዓቱ ገንዘብ ፍለጋ አይሮጥም። የሰው መርፌ አይዋስም። ህክምናውን ይዞ የቆየ ሰው ካቋረጠው ሰው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ በጣም እንደሚበልጥ በብዙ አገር ተረጋግጧል። በመርፌ በኩል ደግሞ ይህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። ከኛ ወደ ደቡብ፣ ታኮማ ውስጥ፣ ዴቭ ፐርቼዝ የሚባል ሰው በ1988 መንገድ ዳር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ያገለገለ መርፌ እየተቀበለ ንጹሕ መስጠት ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዓመቱ ሲያትልም ተከተለች። ኤችአይቪ በመርፌ በኩል ሌላ ከተማ ላይ እንዳደረገው እዚህ ያላደረገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ የሙያው ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ግን መኝታ ቤት ውስጥ ሜታዶንም ንጹሕ መርፌም አይገቡም። ሰውየው ሄሮይን ካቆመ በኋላም ኮንዶም ላይጠቀም ይችላል። ሜት (ሜታምፌታሚን የሚባለውን አነቃቂ ዕፅ) ወይም ኮኬይን ወስዶ ከማያውቀው ሰው ጋር ሊያድር ይችላል። ሴትየዋ ማደሪያ ስለሌላት ብቻ የማትፈልገው ሰው ጋ ልትመለስ ትችላለች። ኤችአይቪና ሌላው አባላዘር በሽታ በዚህ በኩል ይመጣል። መድኃኒቱ ጤናውን መልሶለት፣ ፍላጎቱም ተመልሶ፣ አደጋውን የሚያስቀርበት ዘዴ ሳይኖረው የሚቀር ሰው አለ።

ይህን ደግሞ የእኛ ትውልድ ደህና አድርጎ ማወቅ አለበት። ደሴ ሃይስኩል ስማር የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ጭውውት እናቀርባለን፣ ግጥም እናነባለን፣ ግድግዳው ሁሉ ፖስተር ነው። መታቀብ፣ መታመን፣ ኮንዶም መጠቀም። ተኝተን ብንቀሰቀስ መተላለፊያ መንገዶቹን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። ሕይወት ትረስት ኮንዶም በየሱቁ ተሰቅሎ ነበር። ግን ከክበባችን ውስጥ አንዲት ልጅ እንኳ ለጓደኛዋ «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ብላ በምን ዓይነት ድምፅ እንደምትናገር ማንም አላስተማራትም። እሱ «አታምኚኝም ማለት ነው?» ካላትስ? እዚህ ጋ ፖስተሩ ዝም ይላል።

እዚህ አገር ሰርተፍኬቴን ይዤ መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቦታም ያንኑ ፖስተር በቪዲዮ ነበር የሚሰጠው። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ቴሌቪዥን ይከፈትለታል፣ ቫይረሱ እንዴት እንደሚተላለፍ ያያል፣ መጨረሻ ላይ ይፈርማል። ፊርማው ፋይል ውስጥ ይገባል። ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚያየው ፊርማውን ነው። ታካሚዎቹ ደግሞ ቪዲዮውን በቃላቸው ያውቁታል፤ በየህክምናው አይተውታል፣ እስር ቤት አይተውታል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የሰውን ሕይወት የሚያህል ነገር ለፊርማ ብሎ መስራት ያናድደኛል።

ንዴቴ መሰረት እንዳለው የገባኝ በኋላ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ አላግባብ አጠቃቀም ተቋም ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አስጠንቶ ነበር፤ አንዱ በሴቶች፣ አንዱ በወንዶች ላይ። ሁለቱም ህክምና ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ሜታዶን ላይ፣ አንዳንዱ ያለ መድኃኒት በካውንስሊንግ ብቻ። ግማሾቹ የተለመደውን ትምህርት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተማሩ። ግማሾቹ አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል፣ በቡድን ተቀምጠው ክህሎት ተለማመዱ። የሴቶቹን ሱዛን ትሮስ መራችው፤ 515 ሴቶች፣ 12 የህክምና ማዕከላት፣ ውጤቱ በ2008 ወጣ። ከስድስት ወር በኋላ የተለማመዱት ሴቶች ያለ ኮንዶም የፈጸሙት ግንኙነት አንዴ ብቻ ከተማሩት በ29 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የወንዶቹን የመራው ዶናልድ ካልሲን እዚሁ ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር። 590 ወንዶች፣ 14 ማዕከላት፣ በ2009 ታተመ፤ እዚያም የተለማመዱት የተሻለ ሆኑ። እውቀቱማ ሁለቱም ጋ ደርሷል። ልዩነቱን ያመጣው ልምምዱ ነው።

ልምምድ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንዱን ላሳያችሁ።

የሴቶች ግሩፕ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስለ በሽታው ነው፣ ቶሎ ያልፋል። ኮንዶም አከፋፈትና አጠላለቅ በፕላስቲክ ሞዴል ላይ ነው፤ የሴት ኮንዶምም አለ። ብዙ ሳቅ አለ፣ ሳቁ ያስፈልጋል። ከዚያ ነው ዋናው የሚመጣው። መሃል ላይ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጣለሁ። አንዱ ላይ እኔ እቀመጣለሁ፤ ወንዱ ነኝ። ሌላው ላይ አንዲት ታካሚ ትቀመጣለች። ከሷ ሰውዬ ጋር ዓመታት ኖራለች፣ እሱ እስካሁን ሄሮይን ይወጋል፣ ተመርምሮ አያውቅም።

«ኮንዶም እንድንጠቀም እፈልጋለሁ» አለችኝ፣ ወለሉን እያየች።

«ለምን? ሌላ ሰው አለሽ እንዴ?» አልኳት።

ዝም አለች። እጇን ከጭኗ ስር ከታ ተቀመጠችበት። «እንዲህ ነው የሚለኝ፣ ቃል በቃል» አለች ለሌሎቹ። ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም ቤት የሚባለው ያው ነው ለካ።

እዚህ ላይ እኔ አፌን መያዝ አለብኝ። መፍትሄው ከሴቶቹ ነው የሚመጣው። አንዷ «አልጋ ላይ አትንገሪው፣ እዚያማ ተሸንፈሽ ነው የምትጀምሪው። መኪና ውስጥ ንገሪው፣ መሪ ይዞ አይጮኽም» አለች። ሌላዋ ተቃወመች፤ የሷ ሰውዬ መሪ ይዞም ይጮሃል። ሦስተኛዋ «እሱን አትክሰሺ፣ ከራስሽ ጀምሪ፣ ክሊኒኩን አሳቢ» አለች። እንዲህ እየተባለ ልጅቷ ዓረፍተ ነገሯን ደጋግማ ሰራችው። የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፦ «ክሊኒኩ ሁላችንንም እያስመረመረ ነው። እኔ ሐሙስ ነው ተራዬ። አብረን እንሂድ። ውጤቱ እስኪመጣ በኮንዶም።» እኔ «አታምኚኝም?» ስላት «አምንሃለሁ፣ ሐሙስ ነው» አለች። ይህንን ዓይኔን እያየች ነው ያለችው። እጇ ከጭኗ ስር ወጥቷል።

በኋላ እንደነገረችን መኪና ውስጥ ነገረችው። ሰውዬው መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ቤት በር ላይ ሲያቆም «ሐሙስ ስንት ሰዓት?» አላት።

ሁሉም ጋ እንዲህ አይሆንም። ኮንዶም አነሳሽ ተብላ የምትደበደብ ሴት አለች። ስለዚህ በዚህ ስልጠና ውስጥ የሰውዬው አደገኛነት የሚመዘንበት ክፍል አለ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ድፍረት አላስተምራትም፤ ድፍረቱ ሆስፒታል ሊያስገባት ይችላል። ማደሪያ እንፈልጋለን፣ የምትደውልበት ሰው እንመርጣለን። ደግሞ አሁን በየቀኑ የሚዋጥ፣ ኤችአይቪን አስቀድሞ የሚከላከል ክኒን አለ፤ በ2012 ነው እዚህ የተፈቀደው። ማንንም ሳታስፈቅድ ራሷ ልትውጠው ትችላለች። ሌላውን አባላዘር በሽታ አይከላከልም፣ ግን ለሷ ትልቅ ነገር ነው።

የወንዶቹን ግሩፕ የሚመራው ወንድ የስራ ባልደረባዬ ነው። ይህም ታስቦበት ነው፤ የወንዶቹን ወንድ፣ የሴቶቹን ሴት ትመራለች። እሱ እንደሚለኝ ወንዶቹ ሲመጡ ሁሉን አዋቂ ናቸው። ከዚያ ቫዝሊንና የሰውነት ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን እንደሚቀድ ሲሰሙ የክፍሉ ድምፅ ይቀየራል፤ ዕድሜ ልኩን የቀደደው ራሱ እንደሆነ የገባው ሰው በየግሩፑ አይጠፋም። በጣም የሚከብዳቸው ግን ያለ ዕፅና ያለ መጠጥ ስለሚደረግ ግንኙነት የሚወራበት ቀን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሳይወስድ ሴት ነክቶ የማያውቅ ሰው አለ። ያፍራል። አልችልም ብሎ ይፈራል። ሜታዶን ራሱ ፍላጎትን ሊቀንስ እንደሚችል፣ ይህን ለሐኪም ነግሮ መፍትሄ መፈለግ እንደሚቻል እንኳ የነገረው የለም። ያ ፍርሃት ነው ወደ ሜት የሚመልሰው። በካልሲን ጥናት ላይ ከተለማመዱት ወንዶች ለመጨረሻ ጊዜ ግንኙነት ሲያደርጉ ዕፅ ወይም መጠጥ ወስደው የነበሩት ከ37 በመቶ ገደማ ወደ 26 በመቶ ነው የወረዱት፤ አንዴ ብቻ የተማሩት ግን ባሉበት ነው የቀሩት። እኔ ከሁሉም ቁጥር ይህኛውን ነው የምወደው፤ ምክንያቱም ከጀርባው ያለውን ሐፍረት አውቀዋለሁ።

ክብ ሰርቶ መለማመድ ለሌላውም ይሰራል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት ያስተማረው አለን ማርላት ሱስ መልሶ የሚያገረሽባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ፣ ሰውየው እዚያ ከመድረሱ በፊት እንዲለማመድባቸው ያደረገ ሰው ነው። የድሮ ሻጭ ሲደውል ምን ትላለህ? ደሞዝ የተከፈለህ ቀን በየት በኩል ወደ ቤት ትሄዳለህ? አንዴ ብትሳሳት ደግሞ «አንዴ ወድቄያለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ትላለህ ወይስ ስልክ ታነሳለህ? ማርላት እንዳሳየው ሰውን ጠልፎ የሚጥለው ከመጀመሪያው ስህተት ይልቅ ያ «ምን ቀረኝ» ነው። እኔ ታካሚዎቼን ስልኩን አውጥተው በእጃቸው እንዲይዙ አደርጋለሁ። ቁጥሩን ፈልገው፣ ደውለው፣ «ቸግሮኛል» እንዲሉ። ብዙ ሰው «ቸግሮኛል» ማለት ይተናነቀዋል።

ናርካንም እንዲሁ ነው። ፌንታኒል በገባበት ዘመን ናርካን ያልያዘ የቤተሰብ አባል ባይኖር እመኛለሁ። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ፣ ቆሞ የነበረን እስትንፋስ የሚመልስ መድኃኒት ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። ግሩፑ ውስጥ አንዱ ወለል ላይ ይተኛል። ሌላው ይነቀንቀዋል፣ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 ይደውላል፣ በአንዱ አፍንጫ ይረጫል፣ ትንፋሽ ይሰጠዋል፣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ካልነቃ ሁለተኛውን ይረጫል፣ ሲተነፍስ በጎኑ ያስተኛዋል። ሁልጊዜ የሚሰናከሉት 911 ላይ ነው። ፖሊስ ይመጣል ብለው ይፈራሉ። እዚህ ዋሽንግተን ግዛት ከ2010 ጀምሮ ሕይወት ለማዳን የደወለን ሰው ዕፅ ይዘሃል ብሎ እንዳይከሰስ የሚከላከል ሕግ አለ፤ ያንን እየነገርኳቸው እንኳ እጃቸው ስልኩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ደጋግመን እንለማመደዋለን። ከእስር ለሚወጡት ደግሞ የባሰ ነው። በዚሁ ግዛት ታራሚዎች ላይ ተሰርቶ በ2007 የታተመ ጥናት፣ በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዕፅ መብዛት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ሰውነቱ መቋቋሙን ረስቷል፤ ሰውየው ግን የድሮውን መጠን ነው የሚወስደው። ለምን እንደምጨቃጨቃቸው አሁን ይገባችኋል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የሀበሻ ታካሚ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ግሩፕ አልገባም ይላል። «ሰው ያየኛል።» እንግሊዝኛ የሚችለውም ቢሆን እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አፉ ይተሳሰራል፤ ጸብና ፍቅሩ በአማርኛ ነው ያለው፣ ልምምዱ ግን በእንግሊዝኛ። አስተርጓሚ ሲገባ ደግሞ የኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ልጅ ነው?» ነው። አልፈርድበትም። ከተማው ሰፊ ቢመስልም ሀበሻው በለቅሶና በሰርግ ይገናኛል።

ስልጠናው ራሱም ወደኛ መምጣት አለበት። ካልሲንና ጓደኞቹ የወንዶቹን ስልጠና ለጥቁር አሜሪካውያንና ለሂስፓኒክ ወንዶች እንዲስማማ አድርገው መልሰው ሰርተውታል፤ ለኛ የማይሰራበት ምክንያት የለም። ለምሳሌ መጠጥ እንቢ ማለትን ውሰዱ። የአሜሪካኖቹ መልመጃ ላይ «አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» ብለህ ዓይኑን አይተህ ትጨርሳለህ። እኛ ጋ ይህ ገና መጀመሪያው ነው። ጋባዡ «በሞቴ!» ይላል። «አንድ ብቻ፣ ስሞትልህ!» ይላል። ንቀኸን ነው ይላል። በዚህ ላይ ብርጭቆው እጅህ ውስጥ ገብቷል። መጠጥ ካቆመ ወራት የሆነው የሰፈራችን ሰው ጋር ይህንን ኩሽና ውስጥ ቆመን ተለማመድነው፤ እኔ ጋባዥ፣ እሱ እንግዳ። መጀመሪያ ፈገግ እያለ ብርጭቆውን ተቀበለኝ። ደገምነው። ቆይቶ የሚመቸውን አገኘ፤ ሲገባ ገና ራሱ ውሃ ቀድቶ ይይዛል፣ እጁ ባዶ አይሆንም፤ ሲማልበት ደግሞ «አይማሉብኝ፣ ሐኪም ቆርጦ ከልክሎኛል፣ ይልቅ ምግቡን ያቅርቡልኝ» ይላል። ጋባዥ ምግብ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ይህን የትኛውም ማኑዋል ላይ አላነበብኩትም፤ ከሱ ነው የተማርኩት።

ስለዚህ በአማርኛ ግሩፕ ልጀምር ነው። ከክሊኒክ ውጭ፣ ስም በማይጠየቅበት ቦታ፣ አምስት ምሽት። ናርካን አጠቃቀም አለበት፣ «በሞቴ» አለበት፣ ባልና ሚስት ስለ ምርመራ የሚነጋገሩበት አለበት። ቃላቱን እየጻፍኩ ነው፤ ሴት ለባሏ እንዴት እንደምትናገር እኔ አላጣውም። የሚጎድለኝ የወንዶቹን የሚመራ ወንድ ነው። ሐኪም መሆን የለበትም። ራሱ ከሱስ የወጣ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ባይሆንም ሰው ሲያወራ የማያቋርጥና የሰማውን ይዞ የማይወጣ ይሁን። ሲያትል ወይም አካባቢዋ ያላችሁና ማታ ማታ ጊዜ የምታገኙ ጻፉልኝ። ስልጠናውን እኔ እሰጣለሁ።